ሽማግሌ መድረክ ላይ የወጣብኝ ቀን

እኔ ተዋናይ አይደለሁም። ይህን ከአሁኑ ተናግሬ ካልጀመርኩ ኋላ ላይ የምታሙኝ ብዙ ነገር አለ። እንጀራዬ ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ በር ላይ ነው። በር ስላችሁ የብረት መዝጊያ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ቋሚ እንጨትና በመካከላቸው የተወጠረ አንድ ወፍራም የናይለን ገመድ ነው። መኪና ሊወጣ ሲል ሾፌሩ መውጫ የምንላትን ወረቀት ያቀብለኛል፤ ዓይኔን አጥብቤ አያታለሁ፤ ከዚያ ገመዱን እለቃለሁ። ዓይን ማጥበቡ የሥራው ግዴታ አይደለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የአገሩን ሰው ወደ ጅማ፣ ወደ ቴፒ፣ ወደ ቦንጋ ስሸኝ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ከሚዛን የወጣሁባቸው ቀኖች በጣቶቼ ይቆጠራሉ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል (በእኛ አገር ክረምት መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ሚዛን ላይ ዝናቡ የነዋሪነት መታወቂያ ያወጣ ይመስለኛል) መምህር ታደለ ወደ በሩ መጣ። መምህር ታደለ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ነው። ልጄን ሜሮንን አስተምሯታል። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲያወራ መነጽሩን አውልቆ የሚያውለበልብ ሰው ነው። ቴአትር ልንሠራ ነውና ዋናውን ሰው አንተ ትሆናለህ አለኝ። እኔ በሕይወቴ ቴአትር ሠርቼ አላውቅም ስለው፣ ገመድ መያዝ ታውቃለህ፣ ሌላው ይለመዳል ብሎኝ መነጽሩን አድርጎ ሄደ። የተመረጥኩት በችሎታዬ ነው ብዬ ለሰው ሳወራ የነበረው ውሸት ነው ማለት ነው።

ቴአትሩ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ከአንድ ሣጥን ሥር የተገኘ የጥንት ነው። ሽፋን የለውም። የደራሲው ስም ያለበት ገጽ ሻግቶ ከሚቀጥለው ገጽ ጋር ተጣብቋል። ታሪኩ ግን ግልጽ ነው። አባ ይርጋ የሚባል የኬላ ዘብ አለ፤ ዘመኑ ነጋዴ በበቅሎ የሚተላለፍበት ዘመን ነው። አባ ይርጋ ለመጣው ሁሉ ገመዱን እየለቀቀ ያሳልፋል። አንድያ ልጁ ዘርፌ ግን ማዶ አገር ሄጄ ልማር ስትለው አልለቅም ይላል። አንዴ ወንዙ ሞልቷል ይላታል፣ አንዴ ሽፍታ ወርዷል ይላታል፣ ሰበብ ሲያልቅበት ደግሞ ጅብ አለ ይላታል። ሦስት ክፍል ሙሉ እንዲህ እያለ ይቆይና መጨረሻው ላይ ይለቃታል።

ይለቃታል የሚለው የመምህር ታደለ አስተያየት ነው። የመጨረሻውን ገጽ ምስጥ በልቶታል። የተረፈው «አባ ይርጋ፦ ልጄ ሆይ» የምትለው ብቻ ስትሆን ከዚያ በታች ቀዳዳ ነው። መምህር ታደለ ቁጭ ብሎ ከራሱ «ልጄ ሆይ፣ ሂጂ፤ መንገዱ ያንቺ ነው» ብሎ ሞላው። እኔ ታዲያ በልምምድ ላይ ተቃወምኩ። ደራሲው ይህን ስለማለቱ ምን ማስረጃ አለ? ምናልባት «ልጄ ሆይ፣ ነይ ግቢ፤ ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው» ብሎ ሊሆን ይችላል። ምስጡ እውነቱን በልቶ ሊሆን ይችላል ብዬ ስከራከር ግማሽ ልምምድ አለቀ።

እውነቱን ልናገር፣ አባ ይርጋን ወድጄው ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ክፉ ሰው አድርገው ነው የሚያዩት። ዘርፌን የምትጫወተው ብርቱካን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ ልጅ ነች፤ ካርድ የጠፋበትን በሽተኛ እንደምታይ ፊቷን ቋጥራ «ይሄ ሰውዬ ግን ትንሽ አያፍርም?» ትላለች። እኔ ጥብቅና እቆምለታለሁ። ሰውየው ምን አጠፋ? ወንዝ ሞልቷል ማለት ወንጀል ነው? ወንዝ ይሞላል። ጅብስ የለም? ቤቴ ገብቼ ፋኖስ አጠገብ ቃለ ተውኔቱን ሳነብ፣ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ብሎ አንተ ብቻ ነህ የገባህ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

ለምን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሜሮን እናቷ ስታርፍ አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ልጅ ማሳደግ የማውቀው እንደ መናኸሪያው ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስንት ሰዓት። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ጃንጥላ ይዤ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜአለሁ። ጭቃው እንዳይውጣት የገዛሁላት ቦቲ በሁለት ቁጥር ስለሚበልጣት፣ ጭቃው ቦቲውን ሲይዝ እሷ በካልሲ ወደፊት ትቀጥል ነበር። አንድ ጊዜ ክፍሏ ቴፒ ድረስ የቡናና የቅመማ ቅመም እርሻ ሊጎበኝ ሄደ። እኔም በሚቀጥለው ሚኒባስ «በአጋጣሚ» ቴፒ ጉዳይ ነበረኝ። የእርሻው ዘበኛ ቁንዶ በርበሬ ከተጠመጠመበት ዛፍ ኋላ ተለጥፌ አገኘኝና በሌብነት ጠርጥሮ በአንገቴ ይዞ ተማሪዎቹ መሀል አቆመኝ። ሜሮን አየችኝ፣ አንገቷን ደፋችና «አባቴ ነው፤ ልቀቁት፣ እሱ እንዲህ ነው» አለች። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አልለየልንም።

እና በዚያው ልምምድ በያዝንበት ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ። ሜሮን ሰሜን ደረሳት። ከሚዛን ተነስተው ጅማ አድረው፣ አዲስ አበባ ገብተው፣ ከዚያ ሌላ አንድ ቀን ሙሉ ይኬዳል። አባቴ ከዚያው አካባቢ ነው በልጅነቱ የወረደው፤ ስለዚህ የአያትሽ አገር ደረሰሽ እያለ ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ያበቃል፤ ሰኞ ጠዋት ካልተሳፈረች አለቀ፣ ዕድሉ ሄደ።

አሁን የምነግራችሁን ስታነቡ ፊታችሁን አዙሩልኝ። ትኬት ቆራጩን ደምሴን ጠራሁትና፣ ልጄ ከመጣች መኪናው ሞልቷል በላት አልኩት። ደምሴ ለሦስት ቀን ነው ብሎ ተስማማ፤ ኃጢአቱን እኩል እንድንካፈል ነግሬዋለሁ። ማክሰኞ ሄደች፣ ሞልቷል። ሐሙስ ሄደች፣ ሞልቷል። ዓርብ ሄደች፣ ሞልቷል። ዓርብ ማታ ቤት ስገባ እግሯን እያጠበች ነበር፤ «ምን ዓይነት ሰው ነው አባዬ ከዚህ አገር እየተሰደደ ያለው? መኪናው በየቀኑ ይሞላል» አለችኝ። የቡና ወቅት ስለሆነ ነው አልኳት። የቡና ለቀማ ሊጀመር ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር፤ ሚዛን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ቀና ብላ አየችኝና እግሯን ማጠቧን ቀጠለች። ያ ዓይኗ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ልምምዱ ላይም ጉድ ፈላ። «ልጄ ሆይ» ድረስ አሳምሬ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ሳል ይይዘኛል። ጉንፋን የለኝም፣ አቧራ የለም፣ ያ ቃል ሊወጣ ሲል ብቻ ጉሮሮዬ ይዘጋል። መምህር ታደለ ሻይ አስመጣ፣ ዝንጅብል አስመጣ፣ በኋላ ላይ ጸሎት ሊያስደርግልኝም አስቦ ነበር። ገመዱም ከእጄ አይወጣም። ለሾፌር ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ የምለቀው ገመድ፣ ለብርቱካን ሲሆን ጣቴ ላይ ይቋጠራል። መምህሩ ተስፋ ቆርጦ፣ ግድ የለም፣ ሰው ሲያይህ ይወጣልሃል አለ። ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚወጣኝ እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። የእኛ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ስለዚህ ሚዛን ላይ ቴአትር የሚሠራ ሰው ከሌላው አገር የተለየ አንድ ደንብ አለው። ዝናብ ሲመጣ አንዱ የአንዱን ድምፅ ስለማይሰማ ተዋናዩ ባለበት ይቀመጣል፣ መጋረጃ አይዘጋም፣ ተመልካቹም ቆሎውን እየቆረጠመ ያወራል፤ ዝናቡ ሲያባራ ካቆሙበት ይቀጥላል። የአዲስ አበባ ሰው ቢያየው ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን ለምደነዋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ለመቀመጡ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል አማረ። ወንዝ ሞልቷል ስል ሰው ሳቀ፤ ጅብ ስል አንዲት እናት «እውነቱን ነው» አሉ። ሜሮን አራተኛው ረድፍ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣለች። ላለማየት ብዬ አንገቴን ወደ ግራ አጥፌ ስለተጫወትኩ አባ ይርጋ አንገቱ የታመመ ሰው መሰለ። ሦስተኛው ክፍል መጣ። ብርቱካን ጥቅሏን አንግታ ፊቴ ቆመች፤ «አባቴ፣ ልሂድ?» አለችኝ። «ልጄ ሆይ» አልኩ። ሳሉ መጣ። መምህር ታደለ ከመጋረጃው ሥር «ሂጂ በላት፣ ሂጂ በላት» ይለኛል። ገመዱን አጥብቄ ያዝኩና «ልጄ ሆይ... ወንዙ ሞልቷል» አልኩ። የመጀመሪያውን ክፍል ደግሜ ማለቴ ነው። ብርቱካን ደነገጠች፤ ከዚያ ብልህ ልጅ ናትና ከእኔ ጋር ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሳ መለሰችልኝ። ቴአትሩን እንደ አዲስ ጀመርነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልንጀምረው ስንል ግን ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ።

ደንቡ ነውና ተቀመጥኩ። ብርቱካን ከመድረክ ወርዳ ከእህቷ ጋር ቆሎ ልትበላ ተቀመጠች። እኔ በርጩማዬ ላይ ገመዴን ይዤ፣ ዝናቡ እስከ ሰኞ እንዲዘንብ እየለመንኩ ነበር። መንገዱ ቢቆረጥ፣ ድልድዩ ቢሰበር ማንም እኔን አይወቅስም እያልኩ።

ያን ጊዜ ነው ከፊተኛው ረድፍ ሦስት ሽማግሌዎች የተነሱት። ከፊት የሚመሩት ጋሽ ማቴዎስ የሸኮ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፣ ቡና ገበሬ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በየሳምንቱ መናኸሪያው በር ላይ የማሳልፋቸው ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ የመድረኩን ደረጃ አንድ በአንድ ወጡ። ሽማግሌ ሲመጣ ቁጭ ብሎ አይጠበቅም፤ ሳልወድ በግዴ ተነሳሁ። ዝናቡ ስለሚጮህ እኔም ጮሄ፣ ጋሽ ማቴዎስ፣ ይሄኮ ቴአትር ነው አልኳቸው።

«እኛ እናውቃለን» አሉኝ። «አንተ ግን አታውቅም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ያዙኝና በርጩማዬ ላይ መልሰው አስቀመጡኝ። እነሱ ደግሞ ለቴአትሩ ተብሎ ከተቀመጠው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ማቴዎስ ነገሩን እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩት። የሰላምታውን፣ የዝናቡን፣ የቡናውን ካወሩ በኋላ አማርኛቸውን እየመረጡ እንዲህ አሉኝ።

«እኔ ሰባት ልጅ አለኝ። ሰባቱንም በአንተ በር አሳለፍኩ። አንዱን ጅማ፣ አንዱን አዋሳ፣ አንዷን ሩቅ። አንዱንም አልከለከልክብኝም። ስታሳልፍ ደግሞ እኔን ታየኝና አይዞዎት ትለኛለህ። እኔ ከበር ዞር ብዬ አለቅሳለሁ። አንተ ይህን አላየህም፣ ቀጣዩን መኪና ታያለህ።»

እውነት ነው፣ አላየሁም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ከገመዴ ኋላ ዞር ብሎ እንዳለቀሰ ማን ቆጠረው?

ይሄ ሁሉ ሲሆን ተመልካቹ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ዝናቡ ስለማያሰማ መጀመሪያ አንደኛው ረድፍ ወጥቶ ከበበን፤ ከዚያ ሁለተኛው። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ወጡ። አንድ ፖሊስ ወጣ፤ ሰዉን ከመድረክ ሊያወርድ ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፣ እሱም ጆሮውን አቀረበ። መምህር ታደለ መነጽሩን ሳያውለበልብ በእጁ እንደያዘ ቀረ። በመጨረሻ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሕዝቡ ሁሉ መድረኩ ላይ ሆነ፤ ታች የቀረችው ተዋናይዋ ብርቱካን ብቻ ነበረች፣ ቆሎ እየበላች የምታየን።

ጋሽ ማቴዎስ እንግዲህ ልጅቱ እንድትሄድ ምን ምን ትፈልጋለህ፣ ተናገር አሉኝ። እኔም ተናገርኩ። መቼም ሽምግልና ላይ የሚጠየቀው ሰው ዝርዝር ማውጣት መብቱ ነው። ቁርስ ሳትበላ ክፍል እንዳትገባ። ደጋው ይበርዳልና ሹራብ ከታች፣ ሹራብ ከላይ እንድትለብስ። ሐይቅ ካለ አጠገቡ እንዳትደርስ፤ ጀልባ ቢያሳዩአትም በሩቁ እንድታይ። መኪና ላይ መስኮት አጠገብ እንድትቀመጥ፤ ሆዷ ይረበሻል። እየሮጠች መንገድ እንዳታቋርጥ፣ የእኛ ባጃጅ እለፉ ብሎ ይለምናል፣ የዚያ አገር መኪና ግን አይለምንም። አንዱ ሽማግሌ እያንዳንዱን በማስታወሻ ጻፉ። ከሰው መሀል አንድ ሰው፣ በድሮ ዘመን ሹራብና መኪና ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ አጠገቡ ያለችው ሴት በክርኗ ነካችው። ያኔ ነው ስለ ዘርፌ እያወራሁ እንዳልሆነ እኔ ራሴ የገባኝ። ሌላው ሰው ግን ቀደም ብሎ ገብቶት ኖሯል።

ጋሽ ማቴዎስ ወረቀቱን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት። «ይሄ ሁሉ ለእሷ ነው» አሉ። «ለራስህ ምን ትፈልጋለህ?»

ለራስህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እንደ እብድ እየጮህኩ ነበር የመለስኩት፣ ዝናቡ ነው ያስጮኸኝ።

«ከሥራ ስገባ፣ ገና ከደጅ ሳለሁ፣ ‹አባዬ፣ ጫማህን እዚያው አውልቅ› ትለኛለች። ጭቃ እንዳላስገባ። እሷ ከሄደች እንግዲህ ጭቃዬን እንደያዝኩ እስከ አልጋዬ ድረስ ብገባ የሚናገረኝ ሰው የለም። እኔ የምፈራው ወንዙን አይደለም። ያንን ነው የምፈራው።»

ዝናቡ ንግግሬ ግማሽ ላይ አቁሞ ኖሯል። አላስተዋልኩም። የመጨረሻዋን ቃል ባዶው አዳራሽ ተቀብሎ መለሳት። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል። (ለነገሩ እስከ ዛሬም ጫማዬን የማወልቀው ደጅ ነው።)

ሜሮን ከጋሽ ማቴዎስ ኋላ ቆማ ነበር። መቼ እንደወጣች አላየኋትም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው ያህል፣

«አባዬ፣ መኪናው አልሞላም ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«አልሞላም ነበር።»

«ትናንት ስንት ቦታ ነበረው?»

«አሥራ አንድ» አልኩ። ደምሴ በጎን በር ሹልክ ብሎ ሲወጣ በዓይኔ ተከተልኩት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ሜሮን ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እያለቀሰች ነው። መጣችና ገመዱን በያዘው እጄ ላይ እጇን አደረገች። እንድለቅቀው አልጎተተችኝም፤ እጇን አሳረፈችው እንጂ። ከዚያ የብርቱካንን ቃል ተናገረች፣ ቃለ ተውኔቱን ማታ ማታ ስለማመድ ሰምታ ይዛዋለች። «አባቴ፣ ልሂድ?»

«ልጄ ሆይ» አልኩ። ሁሉም ሰው ሳሌን ጠበቀ፣ እኔም ጠበቅሁት። አልመጣም። «ሂጂ። ግን መስኮት አጠገብ ተቀመጪ።»

ገመዱን ለቀቅሁት። ሜሮን አለፈች። ብርቱካን ይህን ስታይ ቆሎዋን ጥላ ሮጠች፤ «አንድ ወር ሙሉ የለመንኩበት ገመድ ተለቅቆ ሌላ ሰው ሊያልፍበት ነው እንዴ?» ብላ እሷም አለፈች። ሕዝቡ አጨበጨበ። መምህር ታደለ በማግሥቱ በተበላው ገጽ ፋንታ ሌላ ወረቀት ለጥፎ የእኔን ቃል በእስክርቢቶ ጻፈበት፤ በድሮ ዘመን ስለ መስኮት ምን ተብሎ ይጻፋል ብለው ሲጠይቁት ምስጡን ጠይቁት ይላል አሉ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍነው አልነግራችሁም። ሻንጣ ውስጥ እኔ ሳስገባ እሷ ስታወጣ ዋልን ማለት ይበቃል።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባልደረባዬ ዛሬ ገመዱን እኔ ልያዝልህ አለኝ። እምቢ አልኩ። መኪናው ጥሩምባውን ነፍቶ ወደ በሩ መጣ። ሾፌሩ ወረቀቱን በመስኮት አቀበለኝ። እንደ ልማዴ ዓይኔን አጥብቤ አየሁት፤ ማኅተም የለውም። ፈልጌ ያገኘሁት ሰበብ አይደለም፣ በእውነት የለውም፣ የስምሪቱ ሰው ረስቶታል። ቢሮው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ደንቡ መኪናውን መልስ፣ እስከ ሁለት ሰዓት አቁም ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። እኔ ሳልዋሽ፣ ማንም ሳያማኝ፣ ደንቡ ራሱ አምጥቶ እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ ሁለት ሰዓት። መኪናው ውስጥ ቅዳሜ መድረክ የወጣው ሰው ግማሹ ነበር፤ ዝም ብዬ ስቆይ ማጉረምረም ጀመሩ፣ አንዱም ጋሽ ማቴዎስ ይጠሩ አለ።

ጊዜ ለመግዛት ብዬ ከወረቀቱ ጋር የተያያዘውን የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የማየው ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይደለም። ከአንደኛው ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። ሜሮን ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ የእኔ ስም ተጽፏል። የደምሴ ጽሕፈት ነው፣ አሳምሮ ጽፎታል። ደጋግሜ አነበብኩት። እዚያ አገር ደርሳ ስትመዘገብ፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ስሟን ሲጠራ፣ ማታ ማደሪያዋ በር ላይ ሲለጠፍ፣ እሷ በተጠራች ቁጥር እኔም ልጠራ ነው።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ገመዱን ለቀቅሁ። መኪናው ወደ ጅማ መንገድ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ከበር ዞር ብዬ አለቀስኩ። እኔ እዚያው ቀረሁ፤ ስሜ ግን ከልጄ ጋር ተሳፍሮ ሄደ።